ቤት ውስጥ ማስተማር ቤት ውስጥ መደበቅ አይደለም፦ ኦቲዝም ያለበትን ሕጻን በገጠር ቤት ማስተማር እንዴት ይጀመራል?

በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ታስቦ ይውላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ዕለቱን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ መታሰብ የጀመረው በተከታዩ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በከተሞቻችን ስለ ኦቲዝም መናገር እየተለመደ፣ ጥቂት ማዕከላትም እየተከፈቱ መጥተዋል። በገጠሩ ግን ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከጓዳ ሳይወጣ የሚያድግበት ቤት ዛሬም አለ። ወላጆቹ የሚሸሽጉት ስለማይወዱት አይደለም። የጎረቤት ሐሜት ያስፈራቸዋል፤ ልጁ ወደ ወንዝ ወይም ወደ መኪና መንገድ እንዳይሮጥ ይሰጋሉ፤ እርሱን የሚቀበል ትምህርት ቤትም በአቅራቢያቸው አያገኙም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ «ልጁን በቤት አስተምሩት» የሚለው ምክር በጥንቃቄ ካልተብራራ፣ የተዘጋውን በር ይበልጥ የሚያጠብቅ ሊሆን ይችላል። በቤት ማስተማር ትርጉም የሚኖረው ልጁን ወደ ደጅ፣ ወደ ጎረቤት፣ በመጨረሻም ወደ ትምህርት ቤት የሚያወጣው ሲሆን ነው። ይህ ጽሑፍ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት የሚሆን ልጅ ያላቸው የገጠር ቤተሰቦች፣ ልዩ መሣሪያና ብዙ ወጪ ሳያስፈልጋቸው በቤታቸው ባለው ነገር እንዴት መጀመር እንደሚችሉ ያስረዳል።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ በሕጻንነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው። በዋናነት በሁለት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ የሚታየው ልዩነት ነው። ሕጻኑ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ የሚፈልገውን በጣቱ አያመለክትም፤ አፍ መፍታቱ ይዘገያል ወይም የጀመራቸውን ቃላት መልሶ ይተዋል። ሁለተኛው አንድን ነገር መደጋገምና ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለንክኪ የተለየ ምላሽ መስጠት ነው። ልጁ እጁን ያርገበግባል፤ ዕቃ በመደርደር ይጠመዳል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥ ይረበሻል፤ የወፍጮ ቤት ድምፅ ሊያስጮኸው ይችላል። ምልክቶቹ ከልጅ ልጅ ይለያያሉ። ሴት ልጆች ደግሞ «ዝምተኛ ናት» ተብለው ሳይስተዋሉ የሚቀሩበት ጊዜ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሌሎቹ አልታዩ ይሆናል።

ኦቲዝም ከእርግማን ወይም ከወላጅ ጥፋት የሚመጣ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች የጻፉት ጥናት ከታተመ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ጥፋቱን በእናቶች ቅዝቃዜ ላይ የሚያላክክ አስተሳሰብ በምዕራቡ ዓለም ተስፋፍቶ ነበር፤ ኋላ ግን ስሕተት መሆኑ ተረጋግጦ ተጥሏል። ክትባትም ኦቲዝምን አያመጣም። ይህን ወሬ ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጽሑፍ በ2010 በራሱ በአሳታሚው መጽሔት ተሰርዟል። ስለዚህ በዚህ ፍርሃት የታናናሾቹን የኩፍኝ ክትባት ማስቀረት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ከማስተማር በፊት ምርመራ

ማንኛውም ቤተሰብ ማስተማር ከመጀመሩ በፊት ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይኖርበታል። ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ የመስማት ችግር ያለበት ሊሆን ስለሚችል፣ ጆሮው ሊመረመር ይገባል። በድንገት የሚፈዝ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች ይልቅ በብዛት የሚታይና በመድኃኒት የሚረዳ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤተሰቡን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያውም ወደ ሆስፒታል ሊልክ ይችላል።

ምርመራው እስኪጠናቀቅ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ከዚህ በታች የቀረቡት ዘዴዎች መናገር ለዘገየ ማንኛውም ልጅ የሚጠቅሙ ናቸውና ወረፋ ሲጠበቅ ዓመት ማለፍ የለበትም። ጸበል መሄድና መጸለይ የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ሆኖም የተጀመረን መድኃኒት ለማቋረጥም ሆነ ልጁን ለማሰር ምክንያት ሊሆን አይገባም። ኦቲዝምን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ «በዚህ ያህል ብር አድነዋለሁ» ከሚል ሰውም መጠንቀቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ልጁን ማጥናት

በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ቤተሰቡ ነው። ልጁ ምን ሲያይ ይደሰታል? ምን ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል? ሲርበው እንዴት ያስታውቃል፤ እጅ ይጎትታል ወይስ ያለቅሳል? በየትኛው ሰዓት ይረጋጋል? ማንበብና መጻፍ የሚችል ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ እነዚህን ነገሮች በደብተር ቢመዘግብ መልካም ነው። ልጁ የሚወደው ነገር፣ ግልገል ማቀፍም ሆነ ውኃ ማንቆርቆር፣ በኋላ ለትምህርቱ ዋነኛው መሳቢያ ይሆናል።

የቀኑን ሥርዓት በዕቃ ማሳየት

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች የሚረበሹት ቀጥሎ የሚሆነውን ባለማወቃቸው ነው። በቃል የተነገረ ነገር ያልፋል፤ የሚታይ ነገር ግን ይቆያል። ስለዚህ የቀኑን ቅደም ተከተል በዕቃ ማሳየት ይቻላል። ፊት ከመታጠብ በፊት ጆጉን፣ ከምግብ በፊት የራሱን ሳህን፣ ውኃ ለመቅዳት ከመውጣት በፊት ትንሿን ጀሪካን ማስያዝ፣ በየጊዜውም አንድ ዓይነት አጭር ቃል መናገር በቂ ነው፦ «መታጠብ»፣ «ምሳ»፣ «ውኃ»። ቀኑ ከቀን እንዳይለያይ፣ ተግባራቱ ከተቻለ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሁኑ። ገበያ፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲመጣ ደግሞ ለውጡን አስቀድሞ በምልክት ማሳየት ጩኸቱን ይቀንሳል።

ለዚህ ትምህርት ቡና የማፍላት ሥርዓታችን የሚስማማ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በማይለወጥ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻም አለው። ልጁ ከምድጃው በሚያስተማምን ርቀት ተቀምጦ ሲኒ እንዲያቀብል ማድረግ፣ በየዙሩ መካከል ጥቂት እንዲጠብቅ ማለማመድ፣ በረካ ሲጠጣም «አለቀ» ብሎ ረከቦቱን አብሮ ማንሳት፣ «ጠብቅ» እና «አለቀ» የሚሉትን ሁለት ከባድ ጽንሰ ሐሳቦች ያለ ደብተር ያስተምራል።

ንግግርን ከመጠበቅ በፊት መግባባትን ማስተማር

የብዙ ወላጆች የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ይናገራል?» የሚል ነው። ከንግግር የሚቀድመው ግን ልጁ የሚፈልገውን ለሰው ማስታወቅ እንደሚችል መረዳቱ ነው። በመጠቆም፣ በምልክት፣ በሥዕል ወይም ዕቃ በማቀበል መጠየቅ ይችላል። በሥዕልና በምልክት መጠቀም ልጁን ከመናገር ያግደዋል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ጥናቶች ንግግርን እንደማያስቀር አሳይተዋል።

ልምምዱ ቀላል ነው። ከልጁ ፊት ዝቅ ብሎ በቁመቱ ልክ መቀመጥ፣ በአንድ እጅ ቆሎ በሌላው ዳቦ ይዞ ማሳየት፣ ከዚያ ዝም ብሎ በልብ እስከ አሥር እየቆጠሩ መጠበቅ ነው። ልጁ ቢያይ፣ እጁን ቢዘረጋ ወይም ድምፅ ቢያሰማ ያን እንደ ጥያቄ ቆጥሮ የፈለገውን ወዲያው መስጠትና ስሙን መጥራት ይገባል፦ «ዳቦ»። ከባዱ ነገር መጠበቁ ነው፤ እናት የልጇን ፍላጎት ቀድማ ስለምታውቅ ሳይጠይቅ ትሰጠዋለች፤ እርሱም የመጠየቅ ዕድል ያጣል። አንድ ቃል መናገር ለጀመረ ልጅ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ መጨመር ይበቃል። «ውኃ» ካለ «ቀዝቃዛ ውኃ» ብሎ መመለስ ከረጅም ዓረፍተ ነገር ይሻላል።

በአማርኛ በተለይ የሚያጋጥም ጉዳይ አለ። ኦቲዝም ያለባቸው በርካታ ልጆች የሰሙትን እንዳለ ይደግማሉ። «ውኃ ትፈልጋለህ?» ሲባል ልጁ «ውኃ ትፈልጋለህ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ማሾፍ አይደለም፤ «አዎ፣ ጠምቶኛል» ማለቱ ሊሆን ይችላል። በቋንቋችን ባለቤቱ በግሡ ላይ ስለሚገለጥ፣ «እፈልጋለሁ»ን እና «ትፈልጋለህ»ን መለየት ይከብደዋል። መፍትሔው ጥያቄውን ትቶ ልጁ ሊለው የሚገባውን ቃል በእርሱ አንደበት መናገር ነው፦ «ውኃ እፈልጋለሁ»፤ ከዚያም ውኃውን መስጠት።

በቤታቸው አዊኛ፣ ኽምጣና፣ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ቤተሰቦችም ለልጁ ሲሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን መተው አይጠበቅባቸውም። እናት የምታፈቅርበትና የምታባብልበት ቋንቋ ለመጀመሪያ ትምህርት የተሻለው ነው።

የቤቱ ሥራ ራሱ ትምህርት ሲሆን

ለልጁ ተለይቶ የሚመደብ ረጅም የትምህርት ሰዓት አያስፈልግም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚቆይ፣ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ልምምድ ይበልጣል። እያንዳንዱን ሥራ ወደ ትናንሽ እርምጃዎች መከፋፈልም ተገቢ ነው። እጅ መታጠብ ለምሳሌ አምስት እርምጃዎች አሉት፦ እጅን ማርጠብ፣ ሳሙና መቀባት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወላጅ አራቱን አብሮት ይሠራና የመጨረሻውን፣ ማድረቁን፣ ለልጁ ይተዋል። ያን ሲችል ማለቅለቁን ይጨምርለታል። በዚህ መንገድ ልጁ ሥራውን ሁልጊዜ ራሱ ይጨርሳል፤ «ጎበዝ» መባልንም በየጊዜው ያገኛል።

በገጠር ቤት ለዚህ የሚሆን ሥራ ሞልቷል። ባቄላና ሽምብራን በሰፌድ ላይ መለየት ዓይነትን ማወዳደር ያስተምራል። በየሲኒ ማስቀመጫው አንድ አንድ ሲኒ ማስቀመጥና እንቁላል እየቆጠሩ መሰብሰብ የቁጥር መሠረት ነው። ለዶሮዎች ጥሬ መበተን፣ ግልገሎችን ወደ ማደሪያቸው መመለስ፣ ታጥቦ የደረቀን ልብስ ለየባለቤቱ መለየት፣ ሁሉም ትእዛዝ መቀበልንና ከሰው ጋር መሥራትን ያለማምዳሉ። ልጁ እነዚህን ሲሠራ ለቤቱ የሚጠቅም ሰው ሆኖ ይታያል፤ ጎረቤትም እርሱን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

በዚህ ላይ የግብርና ግቢ የራሱ አደጋ እንዳለው መዘንጋት የለበትም። ኦቲዝም ያለባቸው አንዳንድ ልጆች የማይበላ ነገር ወደ አፋቸው ያስገባሉ። ስለዚህ ለመልቀም የሚሰጠው እህል ለምግብ የተቀመጠው ብቻ ይሁን፤ በኬሚካል የታሸ ምርጥ ዘር ፈጽሞ አይሰጠው። ነጭ ፍሬው ስኳር የሚመስለው ዩሪያ፣ የነቀዝ መድኃኒትና የአረም ማጥፊያ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጡ፤ በውኃ ፕላስቲክ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ተቀንሰው አይቀመጡ። ትናንሽ ፍሬዎች ወደ አፍንጫና ጆሮ ሊገቡ ስለሚችሉ ልጁ ብቻውን አይተው። የጉድጓድ ውኃ ክዳን፣ ምድጃው ዙሪያውን መከለያ፣ ግቢውም መዝጊያ ያስፈልገዋል።

ፊደል መቼና እንዴት?

ፊደል በዜማ እየተደጋገመ በቃል የሚጠናበት ባህላችን ለብዙ ልጆች ሠርቷል። ኦቲዝም ያለበት ልጅም «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ በፍጥነት ሊደግም ይችላል፤ ይህ ግን ፊደሉን ለየው ማለት ላይሆን ይችላል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ተባዝተው 231 ቅርጾች ስለሚሆኑ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማሸከም አያስፈልግም። በራሱ ስም ካሉት ፊደላት መጀመር ይሻላል። በካርቶን ቁራጭ ላይ በከሰል ሁለት ሁለት ጊዜ ጽፎ፣ መጀመሪያ ተመሳሳዮቹን እንዲያገናኝ፣ ቀጥሎ የተጠራውን እንዲያነሳ፣ በመጨረሻም የተነሳውን እንዲጠራ ማድረግ ነው። የማይናገር ልጅም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ማለፍ ይችላል። ብዙዎቹ በዓይን ያዩትን አጥብቀው ስለሚይዙ የ«ለ» እና የ«ላ»ን ልዩነት ከምንጠብቀው ቀድመው ሊለዩ ይችላሉ።

በሀገራችን በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ የሆኑት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ማጣታቸው ገፋፍቷቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የኒያ ፋውንዴሽን አካል የሆነውን የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ የአማርኛን ድምፆች መሠረት ያደረገ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተሰኘ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ቢለዩም፣ ሥራቸው አንድ ወላጅ ከራሱ ቤት ተነሥቶ የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል።

ሲጮኽና ሲቆጣ

ጩኸት፣ ራስን መምታትና መሬት ላይ መውደቅ አብዛኛውን ጊዜ መልእክት ናቸው። ከልጁ ጋር ከመታገል በፊት ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይጠቅማል፦ ከዚያ በፊት ምን ሆነ? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያ በኋላስ ምን አገኘ? በወፍጮ ድምፅ የሚጮኽ ልጅ ፀጥ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል። በጮኸ ቁጥር ስኳር የሚሰጠው ልጅ ግን መጮኽን እየተማረ ነው፤ ስኳሩን ሊያገኝ የሚገባው በእጁ ሲያመለክት ነው። ድንገት የባሰበት ልጅ ጥርሱን፣ ጆሮውን ወይም ሆዱን አሞት ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ዱላ፣ ገመድና ጭስ ፍርሃትን እንጂ ምንም አያስተምሩም።

ሸክሙ የእናት ብቻ አይደለም

በአብዛኛው ይህ ሁሉ የሚወድቀው በእናት ትከሻ ላይ ነው። እርሷ ውኃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ታርማለች፤ ልጁንም ትጠብቃለች። ማስተማሩ የሚዘልቀው ከተካፈሉት ብቻ ነው። አባት የማታውን መታጠብ፣ ታላቅ እኅት ፊደሉን፣ አያት የቡናውን ሰዓት ሊይዙ ይችላሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃልና ምልክት መጠቀማቸው ግን ወሳኝ ነው። ታላላቆቹ ልጆችም ለዚህ ሲባል ከትምህርታቸው መቅረት የለባቸውም።

ለእድር አባላትና ለጎረቤት በግልጽ መናገርም የትምህርቱ አካል ነው። ልጁ ስሙን መናገር ባይችልም ሰፈሩ ካወቀው፣ ከቤት ርቆ ሲገኝ የሚመልሰው ሰው አያጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ላሉ ልጆች ወላጆችና ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም ልዩ ባለሙያ ባልሆኑ አሠልጣኞች የሚሰጥ፣ በዕለት ተዕለት የቤት ሥራና ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በአዲስ አበባና በገጠር አካባቢ ተሞክሯል። የልጁ ወላጆች ስለ ሥልጠናው በጤና ተቋማት መጠየቅ ይችላሉ።

ከቤት ወደ ትምህርት ቤት

በቤት የተጀመረው ትምህርት ግቡ ልጁን ለትምህርት ቤት ማብቃት፣ ትምህርት ቤቱንም ለልጁ ማዘጋጀት ነው። መማር የልጁ መብት ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ጋር በአካቶ ትምህርት የመማር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41ም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲደግፍ ያዝዛል። ስለዚህ ወላጆች ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ስለ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያና በአቅራቢያ ስላለ የመርጃ ማዕከል ሊጠይቁ ይገባል።

መስከረም ከመጥባቱ በፊት ልጁን ባዶ ወደሆነው ግቢ ደጋግሞ መውሰድ፣ መንገዱንና ክፍሉን ማስለመድ፣ ከመምህሩ ጋር ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ለመምህሩ የሚሰጥ አንድ ገጽ ማስታወሻም ብዙ ያግዛል፦ ልጁ የሚወደው፣ የሚያስፈራው፣ መጸዳጃ ሲፈልግ የሚያሳየው ምልክት፣ ሲረበሽ የሚያረጋጋው ነገር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአንድ ሰዓት ብቻ ውሎ መመለስም ጅምር ነው።

ለውጡ በቀናት የሚታይ አይደለም። አንድ ልጅ ጀሪካን አንሥቶ ወደ እናቱ በመሄድ ውኃ እንደሚፈልግ ለማስታወቅ ወራት ሊፈጅበት ይችላል፤ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ በምልክት ይግባባ ይሆናል። የሚለካው ልጁ ከትናንቱ ከራሱ ጋር ነው። ትናንት በጓዳ የነበረ ልጅ ዛሬ በቡናው ዙሪያ ተቀምጦ ሲኒ ካቀበለ ትምህርቱ ተጀምሯል፤ የሚቀጥለው እርምጃ ከደጃፉ ውጭ ነው።